የምትገዙት ቪትዙን ነው ወይስ ስሙን?

ከአንዲት አንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔና ባለቤቴ መኪና ለመግዛት ስናጠራቅም ቆይተናል። እሱ ቶዮታ ካልሆነ ወይ ፍንክች ብሏል። ያየነው ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ቪትዝ ነው። ትንሽ ጨመር ብናደርግ ደግሞ አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ይገኛል ይሉናል። ቶዮታ በእውነት ይለያል ወይስ የምንከፍለው ለስሙ ነው? ይህን ሁሉ ስምስ ከየት አመጣው?»

እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቶዮታ ይለያል። ለስሙም ከልክ በላይ ትከፍላላችሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ጋራዥ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። «ቶዮታ አይሞትም» የሚል ደንበኛ በየሳምንቱ ይመጣል። ይሞታል። እኔ ራሴ ስንቱን ቀብሬያለሁ። ግን አሟሟቱ ይለያል። ቀስ ብሎ፣ አስቀድሞ እየነገረ፣ ጊዜ እየሰጠ ነው የሚሞተው። ሰው ያንን ጊዜ አይቶ ነው «አይሞትም» የሚለው።

ስሙ ከየት መጣ ላልሽው፣ ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከሽመና ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እነግርሻለሁ።)

ሳኪቺ ቶዮዳ የአናጺ ልጅ ነው። በ1867 ጃፓን ውስጥ ሺዙኦካ በሚባለው አካባቢ ተወለደ። የመንደሩ ሴቶች በእጅ መሸመኛ ሲደክሙ እያየ አደገ። በ1891 ከእንጨት ለሠራው መሸመኛ የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ መሸመኛ ሲያሻሽል ኖረ። በ1924 ከልጁ ከኪኢቺሮ ጋር ሆኖ «ታይፕ ጂ» የተባለውን አውቶማቲክ ማሽን አወጣ።

ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ሸማኔ ሲሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ? ድሩ ሲበጠስ ሸማኔው ወዲያው ያቆማል። ይቋጥራል፣ ይቀጥላል። ዓይን አለው። ማሽን ግን ዓይን የለውም። ክሩ ተበጥሶም ዝም ብሎ ይሸምናል። ሰው ሲደርስበት ያ ሁሉ ጨርቅ ተበላሽቷል። ስለዚህ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። የሳኪቺ ማሽን ግን ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል። ማጉ ሲያልቅበት ደግሞ ሳይቆም መወርወሪያውን ይቀይራል። አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን መጠበቅ ቻለ።

በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት የዚህን ማሽን መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛ። ገንዘቡ ለልጁ የመኪና ምርምር መነሻ ሆነ ተብሎ ይተረካል። እኔ ግን ከገንዘቡ ሐሳቡ ይበልጣል ባይ ነኝ። ስህተት ሲመጣ ቁም፣ አርም፣ ከዚያ ቀጥል። ጃፓኖቹ ጂዶካ ይሉታል። ኋላ ላይ በመኪና ፋብሪካው ውስጥ ይህ ሐሳብ ገመድ ሆነ። ተራው ሠራተኛ አንድ ብሎን ልክ አለመሆኑን ካየ ገመዱን ይስባል። መብራት ይበራል፣ አለቃው ይመጣል። ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ገመዱን የሳበውን ሰው አይቆጡትም፣ ያመሰግኑታል። እኛ ጋ ሥራ ያስቆመ ሠራተኛ ምን እንደሚደርስበት እንተወው።

የመጀመሪያው መኪናቸው ጥሩ ነበር እንዳይመስልሽ። በ1935 ጂ1 የተባለ የጭነት መኪና ሠሩ። ለማስመረቅ ወደ ቶኪዮ ሲወስዱት መንገድ ላይ ተሰበረባቸው። ገዢ እጅ ከገባም በኋላ መሰበሩን አልተወም። እነሱም እየሄዱ ይጠግኑ፣ የተሰበረውን እያዩ ፋብሪካው ውስጥ ያርሙ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያዋን የቤት መኪና አወጡ። ስሙንም ያኔ ቀየሩ። ሕዝቡን ሐሳብ ጠይቀው 27,000 ገደማ መልስ መጣ። «ቶዮዳ» የነበረው «ቶዮታ» ሆነ። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ነው። ስምንት እነሱ ጋ የሲሳይ ቁጥር ነው። ድርጅቱ ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1937 ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1950 ባንኮች አስጨነቁት፣ ሠራተኛ ተቀነሰ፣ አድማ ተመታ። ኪኢቺሮ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በገፍ አዘዘ። ቶዮታ የተረፈው በዚያ ነው። ኪኢቺሮ ግን ብዙም ሳይቆይ በ1952 ሞተ። የልፋቱን ፍሬ አላየም።

አሁን የምነግርሽን ለባለቤትሽ አንብቢለት። በ1957 ቶዮታ አሜሪካ ገባ። ክራውን የተባለችውን መኪና ይዞ። ክራውን ለጃፓን ኮረኮንች መንገድ የተሠራች ጠንካራ መኪና ነበረች። ካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ ግን ሞተሯ አቃተው። ጋለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ መኪና ሁሉ ጥሏት አለፈ። በ1958 ዓመቱን ሙሉ የተሸጠው 287 ክራውንና አንድ ላንድ ክሩዘር ብቻ ነው። አንድ! ሌላ ድርጅት ቢሆን ማስታወቂያ ይጨምር ነበር። ቶዮታ የቤት መኪና መላኩን አቆመ። አገሩ ተመልሶ ለፈረንጅ መንገድ የሚሆን መኪና ሠራ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኮሮናን ይዞ ተመለሰ፤ ተሸጠችም። ክሩ ሲበጠስ ቆሙ ማለት ነው።

ከዚያ በ1966 ኮሮላ መጣች። ዋና መሐንዲሷ ታትሱኦ ሃሴጋዋ ይባላል። ከዚያ በፊት የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። አመለካከቱ ለእኔ የቶዮታ ምስጢር ነው። መኪና በአንድ ነገር መቶ አግኝቶ በሌላው ሃምሳ ማግኘት የለበትም ይላል። በሁሉም ቢያንስ ሰማንያ ያግኝ፣ በጥቂቱ ደግሞ ከሰማንያ ይለፍ። ልብ በይ፤ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ አይደለም። በየትኛውም ትምህርት የማይወድቅ ተማሪ ነው። ኮሮላ ቆንጆ አይደለችም። ፈጣን አይደለችም። ግን አታሳፍርም። እስከ 2021 ድረስ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጣለች። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም የሚንቀሳቀሱት ዲኤክስ የምንላቸው የዚያች ቤተሰብ ናቸው። ከባለቤቶቻቸው የሚበልጡ አሉ፣ በዕድሜ።

ላንድ ክሩዘር ሌላ ታሪክ ነው። በ1951 ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት ታስቦ የተሠራ ነው። ሾፌሩ የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ነድቶ ወጣበት። መጀመሪያ ጂፕ ይሉት ነበር። ስሙ የሌላ ድርጅት ስለሆነ በ1954 ላንድ ክሩዘር ተባለ። በ1987 ደግሞ የቻድ ወታደሮች በቶዮታ ፒክአፖች እየበረሩ የሊቢያን ታንኮች በረሃ ላይ አቃጠሉ። እስከ ዛሬ «የቶዮታ ጦርነት» ይባላል። ድርጅቱ ሊኮራበት የሚፈልግ ማስታወቂያ አይመስለኝም። ግን ገጠር ያለ ሰው መኪና የሚመርጠው እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ነው።

እኛ ጋ ታዲያ ለምን እንዲህ ነገሠ? ብረቱ ስለተለየ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ቶዮታ ለአዲስ ነገር አይቸኩልም። ሌሎች ያልበሰለ ቴክኖሎጂ ሲያወጡ እሱ ያንኑ ሞተር ዓመታት ያመላልሳል። ለእኛ ጋራዥ ይህ በረከት ነው። አንዱን ሞተር የተማረ ልጅ አምስት ዓይነት መኪና ይሠራል። ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። ሶማሌ ተራ ሄደሽ የቪትዝ መብራት ብትጠይቂ፣ ጥያቄሽን ሳትጨርሺ ሦስት ሰው ይዞ ይመጣል። የሌላውን መኪና መብራት ብትጠይቂ «ነገ ተመለሺ» ነው። መካኒኩ ስላወቀው ሰው ይገዛል፣ ሰው ስለገዛው መለዋወጫው ይመጣል፣ መለዋወጫው ስላለ መካኒኩ ያውቀዋል። ስሙ በራሱ ላይ ወለድ እየወለደ ሄደ።

ዋጋው ላይ ደግሞ መንግሥት ጨመረበት። በእኛ 2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቪትዝ እንደ ቅርስ ሆነ። ዛሬ ከምትከፍሉት ውስጥ የተወሰነው ለጃፓን ጥራት አይደለም፤ ለእጥረቱ ነው።

አሁን ስሙ የተሰነጠቀበትን ልንገርሽ። አንዳንድ ደንበኛዬ ይህን ስነግረው ሃይማኖቱን እንደነካሁበት ይቆጣል።

በ2008 ቶዮታ ጀነራል ሞተርስን አልፎ በሽያጭ ከዓለም አንደኛ ሆነ። ወዲያው ወደቀ። በ2009 እና በ2010 ከስምንት ሚሊዮን በላይ መኪና ለእርማት ጠራ። የወለል ምንጣፉ የነዳጅ ፔዳሉን ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ፔዳል ራሱ ተጭኖ ይቀራል። ሰው ሞተ። የኪኢቺሮ የልጅ ልጅና የድርጅቱ የወቅቱ አለቃ አኪዮ ቶዮዳ አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። የማደጋችን ፍጥነት ሳይበዛ አልቀረም አለ። የናሳ መሐንዲሶች ጭምር መርምረው የኤሌክትሮኒክስ ጥፋት አላገኙም። ሆኖም ድርጅቱ ለደንበኞች እውነቱን በጊዜ አልተናገረም ተብሎ በ2014 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። እኔን የሚያሳዝነኝ ፔዳሉ አይደለም። ፔዳል ይበላሻል። የሚያሳዝነኝ ገመዱን የሚስበው ሰው በጊዜው አለመሳቡ ነው።

ሌላም አለ። ታኮማ የተባለው ፒክአፕ ቻንሲው በዝገት እየተበላ ትልቅ ካሳ አስከፍሏል። የ2007 አካባቢ ካምሪና ራቭፎር ላይ የነበረው 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት ይበላል፤ እኔ ጋ የመጡትን መቁጠር ትቻለሁ። በ2023 መጨረሻ በቶዮታ ሥር ያለው ድርጅት ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተናዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያጭበረብር ተገኘ። 64 ሞዴል ነው የተነካው፣ በቶዮታ ስም የተሸጡም ነበሩበት። በ2024 ቶዮታ ራሱ ጃፓን ውስጥ የሦስት ሞዴሎችን ምርት ለጊዜው አቆመ፤ ምክንያቱ የማረጋገጫ ፈተና ጉድለት ነው። የመጀመሪያዋ ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪናውስ? ቢዚ4ኤክስ ትባላለች። በ2022 ገና ሽያጭ እንደጀመረች 2,700 ገደማ ተጠራች። ምክንያቱ የጎማዋ ብሎን ሊላላ ይችላል የሚል ነው። የጎማ ብሎን!

ስለዚህ «ቶዮታ ነው» የሚለው ቃል ለብቻው ዋስትና አይሆንም። ወደ ቪትዛችሁ ልምጣ።

ቪትዝ በ1999 ነው የወጣችው። የነደፋት ግሪካዊ ነው፣ ሶቲሪስ ኮቮስ ይባላል። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጠች። በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱንም ቪትዝ ነው የምንለው። ግን አንድ ነገር አስቢ። «ቪትዝ» የሚለው ስም ለጃፓን ገበያ የወጣ ነው። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ታዲያ እውነተኛዋ ቪትዝ መሪዋ በግራ ከሆነ አንድ ሰው አንስቶ አዛውሮታል ማለት ነው። የት፣ በማን እጅ፣ በምን ጥንቃቄ? ሻጩ አይነግርሽም።

ቻንሲ ቁጥሩን እዪ። ለውጭ ገበያ የተሠራችው ያሪስ አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር አላት። የጃፓኗ አጭር ናት፤ ኤስ ሲ ፒ 10 ብሎ ይጀምርና ከሰረዝ በኋላ ቁጥር ይከተላል። አጭሩን ካየሽ መሪው ተዛውሯል። የተዛወረ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ አይቻለሁ። ግን ከዳሽቦርዱ በታች መካኒክ ተጋድሞ ብየዳውን ይይ፣ የመሪው ዘንግ ይላወስ እንደሆነ ይፈትሽ። ዋጋውም ከአውሮፓዋ መውረድ አለበት።

ከዚያ ኤርባግ። ቁልፉን ስትከፍቺ የኤርባጉ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ አትደሰቺ። አምፖሉ ወጥቷል ወይም ኤርባግ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ኮሮላ ካማራችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። ታካታ የተባለው የጃፓን ድርጅት የሠራቸው ኤርባጎች ውስጣቸው ያለው የመንፊያ ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ከዓመታት በኋላ ይበላሻል። በግጭት ጊዜ ፈንድቶ ብረት ይረጫል። በጥር 2024 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ የ2003 እና የ2004 ኮሮላ፣ የ2004 እና የ2005 ራቭፎር ላላቸው ሰዎች «ሳታሠሩ አትንዱ» ብሏል። ያሪስና ቪትዝም የተጠሩ ሞዴሎች አሏቸው። እዚህ አገር ማንም ደውሎ አይጠራሽም። ቻንሲ ቁጥሩን ይዘሽ የድርጅቱ ወኪል ጋ ሄደሽ ጠይቂ።

ሞተሩ ጥሩ ነው። የትንሿ ቪትዝ አንድ ሊትር ሞተር በሰንሰለት ነው የሚሠራው፣ ቺንጋ በየጊዜው መቀየር የለም። ጠላቱ ሁለት ነው፤ ያልተቀየረ ዘይትና ሙቀት። ራዲያተሩን ክፈቺው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ። ዝገት የመሰለ ውኃ ካየሽ ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት ኖሯል። ቴርሞስታቱም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። «አላስፈላጊ ነው» ብለው የሚጥሉት መካኒኮች አሉ፣ የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝና። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ደግሞ እርሺው። በሃያ ዓመት ዘጠና ሺህ የሄደ መኪና የለም። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እዪ፣ መሪውን እዪ። እነሱ አይዋሹም።

መለዋወጫ በገፍ አለ ማለት ደግሞ ኦሪጅናል አለ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል» የዘይት ፊልትሮ ገዛሁ። ካርቶኑ ፍጹም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደንበኛዬ የዘይት መብራት በራ። ፊልትሮውን ቆርጬ ብከፍተው ውስጡ ወረቀቱ እንደ በሰበሰ ጋዜጣ ነበር። ኪሳራው የእኔ ሆነ። ስም ያለው ዕቃ ነው አስመሳይ የሚበዛበት።

ኤሌክትሪኩስ? እዚህ ላይ ከባለቤትሽ ትንሽ እለያለሁ። የምትነዱት ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ከቻላችሁ፣ ሻጩም ራሱ ጋራዥና የተማረ ሠራተኛ ካለው፣ አዲሱን አስቡበት። የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ካምቢዮ የለ። የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመት እንደሆነና እዚህ አገር ውስጥ ማን እንደሚያከብረው በጽሑፍ ይሰጣችሁ። በቃል ከሆነ ተዉት። በየበዓሉ ገጠር ቤተሰብ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ግን ባልሽ ልክ ነው። መኪናዋ ብትቆም የሚያስነሳት ሰው ትንሽ ከተማ ውስጥም አይጠፋም። ቶዮታ ሃምሳ ዓመት የገነባው ይህንን ነው፤ መንገድ ዳር ያለውን መካኒክ።

ቪትዟን ለማየት ስትሄዱ ከማለዳው ደውሉና «ሞተሩን እንዳታስነሱት» በሉ። ደርሳችሁ ኮፈኑን አስከፍቺና እጅሽን ሞተሩ ላይ አድርጊ። ከሞቀ ቀድመው አስነሥተውታል፣ የሚደብቁት ድምፅ ወይም ጭስ ሊኖር ይችላል። አትጣሉ። ሻጩን ማኪያቶ ጋብዢውና እስኪቀዘቅዝ አብራችሁ ጠብቁ።